ስለ መታሰቢያ ድንጋይና ስለ ሰው ክብር

ለሰውም ሆነ ለሥራ መታሰቢያ ድንጋይ ማቆም ቅዱሳት መጻሕፍት ከጥንት የሚያውቁት ልማድ ነው። አባታችን ያዕቆብ ሌሊቱን ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ ማልዶ ሐውልት አድርጎ አቆመው፥ ዘይትም አፈሰሰበት (ዘፍ. 28፥18)። ኢያሱ ሕዝቡን ይዞ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ አቆማቸው፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ በሚመጣው ዘመን ልጆች የእነዚህን ድንጋዮች ነገር አባቶቻቸውን በጠየቁ ጊዜ የእግዚአብሔር ሥራ እንዲነገራቸው ነው አለ (ኢያ. ምዕ. 4)። ነቢዩ ሳሙኤልም ፍልስጥኤማውያን ድል በተመቱ ጊዜ አንድ ድንጋይ አቁሞ ስሙን አቤንኤዘር፥ ይኸውም የረድኤት ድንጋይ አለው (1ኛ ሳሙ. 7፥12)። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ሐውልት ደግሞ አለ። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም፥ ስሜን የሚያስጠራ ልጅ የለኝም ብሎ ገና በሕይወቱ ሳለ በንጉሥ ሸለቆ ለራሱ ሐውልት አቆመ፥ በራሱም ስም ጠራው። በሞተ ጊዜ ግን በዱር ባለ ጕድጓድ ተጣለ፥ የድንጋይ ክምርም ተከመረበት (2ኛ ሳሙ. 18፥17-18)። ሐውልቱ በአንድ ስፍራ፥ ሬሳው በሌላ ስፍራ ቀረ።

እንግዲህ ያዕቆብ፥ ኢያሱና ሳሙኤል ያቆሟቸው ድንጋዮች ከአቋሚዎቹ አልፈው ወደ እግዚአብሔር ሥራ ይጠቁማሉ፤ የአቤሴሎም ድንጋይ ግን ተመልሶ ወደ አቋሚው ይጠቁማል። በዚህ መለያ ሐውልትን ሁሉ መመዘን ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በዘመናችን የሚቆሙት ሐውልቶች ብዙዎቹ ከሁለቱም ወገን አይደሉም፤ ሰው ለራሱ የሚያቆማቸው ሳይሆኑ ሌሎች ለሞተ ሰው የሚያቆሙለት ናቸውና። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ከየትኛው ወገን እንቍጠረው? ይልቁንም የሚከበረው ሰው በሕይወቱ ሳለ ክብሬን አታንሡ ብሎ የተማጠነ እንደ ሆነ፥ ክብሩን በድንጋይ መቅረጽ ሰውየውን ማክበር ነው ወይስ ቃሉን መሻር? ጥያቄው እንዲያው በአየር ላይ እንዳይቀር፥ በዋሽንግተን ከተማ ስለ ቆመ አንድ ድንጋይና ከላዩ ስለ ጐደለች አንዲት ቃል እንናገራለን። ስለ አሜሪካ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በዋሽንግተን፥ ታይዳል ቤዝን በሚባለው ሰው ሠራሽ ኩሬ ዳር የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ይገኛል። ኪንግ በ1929 በአትላንታ ከተማ የተወለደ፥ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የሆነ፥ የአሜሪካ ጥቁሮች በሕግ ፊት እንደ ሰው ሁሉ እኵል እንዲቈጠሩ ያለ ጦር መሣሪያ የታገለ፥ በ1964 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበለ፥ በ1968 በ39 ዓመቱ በጥይት የተገደለ ሰው ነው። መታሰቢያው እንዲሠራለት የአገሪቱ ምክር ቤት በ1996 ፈቀደ፤ ሥራው በ2006 ተጀመረ፤ ለሕዝብ የተከፈተው በኦገስት ወር 2011 ነው። የምረቃው በዓል በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ሊሆን ታስቦ ሳለ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ስለ መጣ እስከ ኦክቶበር 16 ቀን ቈየ።

ጎብኚ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ከመካከሉ የተሰነጠቀ ተራራ የሚመስል ታላቅ ድንጋይ ነው። በስንጥቁ መካከል ባለፈ ጊዜ ከተራራው ተቈርሶ ወደ ፊት የተገፋ የሚመስል ሌላ ድንጋይ ያገኛል፤ በዚህም ድንጋይ ፊት ላይ የኪንግ ምስል እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀርጿል። ተራራው የተስፋ መቍረጥ ተራራ፥ ድንጋዩ የተስፋ ድንጋይ ይባላል። ስሞቹ የተወሰዱት እርሱ ራሱ ኦገስት 28 ቀን 1963 በሊንከን መታሰቢያ ፊት ለተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ካደረገው ንግግር ነው። ትንቢተ ዳንኤልን ከነትርጓሜው የተማረ ሰው፥ ከተራራ የተቈረሰ ድንጋይ ሲባል አሳቡ ወዲያው የሰው እጅ ሳይነካው ወደ ተፈነቀለው ድንጋይ፥ ይኸውም ያለ ዘርዐ ብእሲ ከድንግል ወደ ተወለደው ወደ ጌታችን ይሄዳል። ይህኛውን ግን የሰው እጅ በሚገባ ነክቶታል። የቀረጸው ሌይ ዪሺን የሚባል የቻይና አገር ሰው ነው፤ 159 የጥርብ ድንጋይ ክፍሎችም ከዚያው ከቻይና በመርከብ መጥተው በስፍራው ተገጣጥመዋል።

የምስሉ ቁመት 9 ሜትር ያህል ነው። ከእርሱ ጀርባ በኩል በመታሰቢያው ቤት የተቀመጠው የሊንከን ምስልና በኩሬው ማዶ የቆመው የጄፈርሰን ምስል እያንዳንዳቸው 6 ሜትር እንኳ አይሞሉም። ጄፈርሰን ሰዎች ሁሉ እኵል ሆነው ተፈጥረዋል የሚለውን የነጻነት ዐዋጅ የጻፈ ሰው ነው፤ በዘመኑም ሁሉ ከ600 የሚበልጡ ባሪያዎች ነበሩት። ስለዚህ የባሪያዎች ልጅ ልጅ ምስል ከባሪያ ጌታው ምስል በልጦ በአንድ ውኃ ዳር መቆሙ ያለ ትርጓሜ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም መጠኑ ብዙ አስነቅፏል። በ2008 የአገሪቱ የሥነ ጥበብ ኮሚሽን ንድፉን ባየ ጊዜ፥ ፊቱ የጠብ ፊት ነው፥ በሶሻሊስት አገሮች ለመሪዎች ይቆም የነበረውን ግዙፍ ሐውልት ይመስላል ብሎ ነቅፎት ነበረ። እኛ በዚህ ክርክር አንገባም፤ የምናነሣው ነገር ከመጠኑ ያነሰ ነው፥ በጣት የሚሸፈን ያህል ያነሰ።

በተስፋው ድንጋይ በሁለቱ ጎኖች ላይ ጽሕፈት ተቀርጾ ነበረ። በአንደኛው ጎን ስለ ተስፋ ድንጋይ የሚናገረው ቃል አለ፥ ዛሬም አለ። በሁለተኛው ጎን 10 የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ ትርጓሜውም፥ እኔ የፍትሕ፥ የሰላምና የጽድቅ ሰልፍ ቀዳሚ ነበርሁ የሚል ነው። ቀዳሚ ብለን የተረጐምነው፥ በሰልፍ ጊዜ ከከበሮ መቺዎችና ከመለከት ነፊዎች ፊት ፊት በትሩን እያወዛወዘ የሚሄደውን፥ የተመልካች ዓይን ሁሉ የሚያርፍበትን ሰው ነው። ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ ሳያውቁ መፍረድ አይቻልምና ወደ ምንጩ እንሂድ።

እሑድ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1968 ኪንግ ከአባቱ ጋር በሚያገለግልበት በአትላንታ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሰበከ። የቤተ ክርስቲያኑ ስም፥ ሳሙኤል ድንጋዩን የሰየመበት ስም፥ አቤንኤዘር ነው። ለስብከቱ መነሻ ያደረገው በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የተጻፈውን የዘብዴዎስን ልጆች ልመና ነበረ። ያዕቆብና ዮሐንስ ወደ ጌታ ቀርበው፥ በክብርህ ጊዜ አንዳችን በቀኝህ አንዳችንም በግራህ እንድንቀመጥ ስጠን አሉት። ልመናውን ያቀረቡት መቼ እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል፤ ጌታ እንደሚያዝ፥ እንደሚገረፍና እንደሚሞት ነግሯቸው ሳይጨርስ ነው። እኛ ካህናትና ደባትር የዚህን ነገር ጣዕም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በቅኔ ማሕሌታችን ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉ መዓርጋት አሉና፥ ስለ ቀኝና ስለ ግራ ስንት ወዳጅነት እንደ ፈረሰ የምናውቅ እናውቃለን።

ኪንግ በዚያ ስብከት የተናገረውን በአጭሩ እናውሳ። ሰው ሁሉ ቀዳሚ መሆን ይወዳል አለ። ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ ሁሉ እርሱን እንዲያየው ይጮኻል፤ ካደገም በኋላ ከገቢው በላይ የሆነ መኪና ገዝቶ ጎረቤቱን ሊበልጥ ይደክማል። አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ እያሉ በመነኰሳት መጻሕፍት የሚመረምሩትን ነገር እርሱ በአደባባይ ሕይወት ላይ መረመረው። አንድ ወገን ሰው በቆዳው መልክ ከሌላው እበልጣለሁ የሚለው ከዚሁ ምኞት የተነሣ ነው አለ። በበርሚንግሃም እስር ቤት ሳለ ነጮቹ ጠባቂዎች መጥተው የዘር መለያየት ትክክል ነው ብለው ይከራከሩት እንደ ነበረ አወሳ። እርሱም በትዕግሥት ይመልስላቸው ነበረ፤ በኋላ ደመወዛቸው ስንት እንደ ሆነ በነገሩት ጊዜ ግን፥ እናንተማ እንደኛው ድኆች ናችሁ፥ ከእኛ ጋር ልትሰለፉ ይገባችሁ ነበረ አላቸው። የቆዳቸው ንጣት ብቻ ሆድ የማይሞላ ክብር ሆኖላቸው ነበረ። ምኞቱ ከሰው ወደ ሕዝብ፥ ከሕዝብ ወደ መንግሥታት እንደሚያድግና እነርሱን ወደ ጦርነት እንደሚነዳም አስረዳ።

ከዚህ በኋላ የተናገረው ነገር ለትርጓሜ መምህር የሚገባ ነው። ጌታ ለያዕቆብና ለዮሐንስ፥ ታላቅ መሆን መመኘታችሁ ኃጢአት ነው አላላቸውም፤ የታላቅነትን መንገድ ለወጠባቸው እንጂ። ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን፥ ፊተኛም ሊሆን የሚወድ የሁሉ ባሪያ ይሁን አለ። እኛም በዚህ ላይ የምንጨምረው አለን። ጌታ በመስቀል ላይ በከበረ ጊዜ በቀኙና በግራው የተገኙት ሁለት ወንበዴዎች ነበሩ፤ ደቀ መዛሙርቱ የለመኑትን ስፍራ ቢያውቁት ኖሮ ባልለመኑት ነበረ። ሆኖም ጽዋውን ጠጥተዋል፤ ያዕቆብን ሄሮድስ በሰይፍ ገደለው (ሐዋ. 12፥2)፥ ዮሐንስም በፍጥሞ ደሴት ተጋዘ።

ስብከቱን ሲፈጽም ኪንግ ስለ ራሱ ቀብር ተናገረ። በዚያ ቀን ረጅም ንግግር እንዳይደረግ ለመነ። የኖቤል ሽልማት መቀበሉ አይነሣ፤ ሌሎቹም በመቶ የሚቈጠሩ ሽልማቶች አይነሡ፤ የት እንደ ተማረም አይነገር። ይልቁንም ለሰው አገልግሎት ሕይወቱን ለመስጠት ሞከረ፥ የተራበውን ለማብላት፥ የታረዘውን ለማልበስ፥ የታሰረውን ለመጠየቅ ሞከረ ይባል አለ። ጌታ በኋለኛይቱ ቀን የሚጠይቀን በማቴዎስ ምዕራፍ 25 የተጻፈው ይኸው ነው። በመጨረሻም፥ ቀዳሚ ነበረ ሊሉኝ ከወደዱ እንኳ፥ ቀዳሚነቱ ስለ ፍትሕ፥ ስለ ሰላምና ስለ ጽድቅ ነበረ ይበሉ፤ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነገር ነው አለ። ይህን ከተናገረ ልክ በሁለት ወሩ፥ ኤፕሪል 4 ቀን በሜምፊስ ከተማ ተገደለ። ኤፕሪል 9 ቀን በዚያው በአቤንኤዘር በተደረገው ጸሎተ ፍትሐት ላይ፥ የሚስቱ ፈቃድ ሆኖ፥ ይህ ስብከት ከተቀዳበት ክር ተሰማ። ሟቹ በገዛ ድምፁ በገዛ ሬሳው ላይ፥ አታመስግኑኝ አለ።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ስብከቱ፥ ቀዳሚ ሊሉኝ ከወደዱ ይላል፤ ድንጋዩ ግን፥ እኔ ቀዳሚ ነበርሁ አለ። የጐደለችው ቃል በእንግሊዝኛ የሁለት ፊደል ቃል ናት፤ በአማርኛ ከግሥ ላይ የምትቀጸል አንዲት ‘ከ’ ወይም አንዲት ‘ቢ’ ናት። ቃሉን ያሳጠሩት ሰዎች በክፋት አላደረጉትም፤ ድንጋዩ ረጅም ጽሕፈት እንዲይዝ ስላልተዘጋጀ አሳጠሩት። ሐውልቱ በተከፈተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን የዋሽንግተን ጋዜጣ ጸሓፊ ነገሩን ገለጠች። ከኪንግ ጋር የሠራችው ባለቅኔ ማያ አንጀሉም፥ ይህ ጽሕፈት ትሑቱን ሰው ትዕቢተኛ አስመስሎታል፥ ‘ቢ’ የምትለዋ ቃል ስትወጣ የነገሩ ትርጓሜ ፈጽሞ ተለውጧል ብላ ተቃወመች። በ2012 መጀመሪያ የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር እንዲታረም አዘዘ። መጀመሪያ ሙሉው ቃል እንደ ገና ይቀረጻል ተብሎ ነበረ፤ በኋላ ግን የድንጋዩ ጽናት እንዳይናጋ ጽሕፈቱ ጨርሶ እንዲጠፋ ተቈረጠ። ቀራፂው ሌይ ዪሺን ራሱ መጥቶ በ2013 ኦገስት፥ የታላቁ ንግግር 50ኛ ዓመት ከመከበሩ በፊት፥ ፊደላቱን በአግድም ጭረቶች አጠፋቸው።

አንድ ሰው እንዲህ ሊለን ይችላል፤ ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ክርክር ምንድር ነው? ኪንግ በእውነት የፍትሕ ቀዳሚ አልነበረምን? ድንጋዩ ምን ዋሸ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሳችን፥ ድንጋዩ ስለ ሰውየው ሥራ አልዋሸም፥ ስለ ሰውየው ልብ ግን ዋሸ የሚል ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 የተጻፈው ፈሪሳዊ ስለ ራሱ የተናገረው ሁሉ ሐሰት እንደ ነበረ ወንጌል አይናገርም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙም፥ ከሀብቱ ሁሉ ዐሥራት ማውጣቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እውነቱ በማይገባው አፍ ስለ ተነገረ ግን ጽድቅ ሳይሆንለት ቀረ። ጠቢቡ ሰሎሞን ሌላ ሰው ያመስግንህ እንጂ የገዛ አፍህ አይሁን ብሎ የመከረውም (ምሳ. 27፥2) ምስጋናን ሊከለክል አይደለም፤ ምስጋናው ከማን አፍ መውጣት እንዳለበት ሊወስን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ሰዎች ዘንድ ስለ ራሱ ለመናገር በተገደደ ጊዜ፥ እንደ ሰነፍ ሆንሁ፥ እናንተ ግድ አላችሁኝ ብሎ ያፍራል (2ኛ ቆሮ. 12፥11)። ያ ማፈሩ የእርሱ ‘ቢ’ ናት። ከመልእክቱ ላይ እርስዋን ብናወጣና የደከመበትን ብቻ ብንጽፍ፥ ቃሉ የጳውሎስ ሆኖ ሳለ ጳውሎስ ያላለውን ይሆናል።

ስለዚህ ጕዳዩ የቃላት ቍጥር ጕዳይ አይደለም። ሕያዋን ለሞተ ሰው የሚሰጡት ክብር የእነርሱ ምስክርነት ነው፤ እኛ እንዲህ አየነው ይላሉ። ምስክርነቱን ወስደው በሟቹ አፍ ሲያደርጉት ግን፥ የራሳቸውን ዕዳ በእርሱ ላይ ጫኑበት፥ ለመከላከልም አንደበት የለውም። የአቤሴሎምን ሐውልት ያቆመው አቤሴሎም ነው፤ ይህኛውን ኪንግ አላቆመውም፤ ነገር ግን በዚያች ዐረፍተ ነገር ምክንያት ኪንግ ራሱ ያቆመው መሰለ።

እኔ ማለት ሁሉ ትዕቢት ነው ብለን እንዳናስተምር ግን እንጠንቀቅ። ኪንግ ወደ ሜምፊስ የሄደው ስለ ከተማይቱ የቆሻሻ ጠራጊዎች ነበረ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ሁለት ሠራተኞች ከዝናብ ሊጠለሉ በቆሻሻ መኪና ውስጥ በገቡ ጊዜ መጭመቂያው ጨፍልቆ ገደላቸው። ከ1,300 የሚበልጡ ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቁመው በአደባባይ ተሰለፉ፤ በአንገታቸውም ላይ ጽሕፈት አንጠለጠሉ፤ ጽሕፈቱም፥ እኔ ሰው ነኝ ይል ነበረ። ይህም ‘እኔ’ ይላል፥ ‘ነኝ’ም ይላል፤ ‘ቢ’ም የለበትም። ነገር ግን ከወንድሙ ልብለጥ የሚል አይደለም፤ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው ሰውነቱን ቢመሰክር ፈጣሪውን ማመስገኑ ነው። ከሜምፊሱ ጽሕፈትና ከዋሽንግተኑ ጽሕፈት የትኛው የኪንግን ልብ እንደሚገልጥ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ የሞተው ስለዚያኛው ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ጽሕፈቱስ ታረመ፤ ድንጋዩ ራሱ ግን መቆም ነበረበት? ሰውየው ሽልማቴን አታንሡ እያለ ለምኖ ሳለ በ120 ሚሊዮን ዶላር ምስሉን ማቆም ምን ይባላል? ጌታችን ጻፎችንና ፈሪሳውያንን፥ የነቢያትን መቃብር ትሠራላችሁ፥ የጻድቃንንም ሐውልት ታስጌጣላችሁ ብሎ በወቀሳቸው ጊዜ (ማቴ. 23፥29) ሐውልት ማስጌጥን ብቻ አልነቀፈም፤ የሞተውን ነቢይ እያከበሩ ሕያው ቃሉን የሚጠሉትን ነቀፈ። ይህም በአሜሪካ ታይቷል። በ1966 ጋሉፕ የሚባለው ድርጅት የሕዝብን አሳብ በጠየቀ ጊዜ ከ100 ሰዎች 63ቱ ስለ ኪንግ ያላቸው አስተያየት መጥፎ ነው ብለው ነበረ። ዛሬ የማያከብረው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የሞተ ሰው አይሰለፍም፥ ደመወዝ ይጨመር አይልም፥ ጦርነትን አይነቅፍም፤ ስለዚህ እርሱን መውደድ አያስከፍልም።

ይህን ሁሉ ብለን ሳለ ድንጋዩ ባይቆም ይሻል ነበረ አንልም። ለመታሰቢያ የሚቆም ድንጋይ የሟቹ ሽልማት ከሆነ ኪንግ አልፈለገውም፤ የልጆች መጠየቂያ ከሆነ ግን ሊከለክለው አይችልም፤ ጥያቄው የእርሱ ሳይሆን የልጆቹ ነውና። ትሑት ሰው ክብርን ይሸሻል፥ ይህ የእርሱ ድርሻ ነው። ክብር ለሚገባው ክብርን ስጡ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ (ሮሜ 13፥7) የእኛ ድርሻ ነው። ሁለቱ ድርሻዎች ቢጋጩም አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁልጊዜም እንዲህ እየተሳሳቡ ሊኖሩ ይገባል። አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ፥ ወይ ውለታ ቢስነት ወይ ውዳሴ ከንቱ ይነግሣል።

ኪንግ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አለመሆኑ ከዚህ አሳብ አያወጣንም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ1998 በለንደን በዌስትሚንስተር ደጃፍ ላይ ካቆመቻቸው የ10 ሰማዕታት ምስሎች አንዱ የእርሱ ነው፤ እኛ ግን በቅዱሳን ቍጥር አንጽፈውም፥ በቤተ መቅደሳችንም ሥዕል እንጂ የተቀረጸ ምስል አናቆምም። ከቤተ መቅደስ ውጭ ግን በአደባባይ ሐውልት ማቆም ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጠላት ጥይት የተገደሉት የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በከተማይቱ ቆሟል።

ይልቁንስ ከዋሽንግተኑ ድንጋይ የምንማረው ነገር በየደጀ ሰላማችን ይጠብቀናል። በጥንት የብራና መጻሕፍታችንና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ፥ ሥዕሉን ያሣለው ሰው በእመቤታችን እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ በአጠገቡም፥ እገሌ እንዴት እንደ ተማኅፀነ የሚል የግእዝ ጽሕፈት ይገኛል። ስሙ አልተደበቀም፤ ወርቁን ያወጣው እርሱ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል። የተጻፈው ግን ለልመና ነው። መጽሐፉን የጻፈውም ሰው በመጨረሻው ገጽ ስሙን ሲያስገባ፥ ስለ ድካሜ አመስግኑኝ ሳይሆን ስለ ኃጢአቴ ጸልዩልኝ ይላል። አባቶቻችን ‘ቢ’ን እንዴት እንደሚቀርጹ ያውቁ ነበረ።

ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ የእብነ በረድ ሰሌዳ ከበሩ በላይ ተለጥፎ፥ ይህን ያሠራው እገሌ ነው ብሎ ይጮኻል፤ ስሙ ከታቦቱ ስም ይልቅ ጐልቶ የሚነበብበትም አይጠፋም። እኛም ከዚህ ነጻ ነን አንልም። በአንድ የሕንፃ ምረቃ ዕለት የለጋሾችን ስም ከገንዘባቸው ልክ ጋር፥ ከብዙ ወደ ጥቂት እየወረድን፥ ከፍ ባለ ድምፅ አንብበናል፤ ከተወሰነው ገንዘብ በታች የሰጡት በዝርዝሩ አልተጻፉም ነበረ። ሁለት ሳንቲም ያገባችው መበለት በዚያ ዕለት መጥታ ቢሆን ስሟን ባልጠራን ነበረ። ብዙ የሰጠው ሰው በፊት መደዳ ተቀምጦ፥ እኛ ስሙን ከማዕርጉ ጋር ስንጠራ አንገቱን ደፋ፤ ከማፈር ይሁን ከደስታ እስከ ዛሬ አናውቅም። ይህን ያደረግንበት እኛ ነን፤ ምናልባት እርሱም፥ ብትጠሩኝ እንኳ ጸልዩልኝ በሉ ብሎ ነግሮን፥ ጊዜ እንዲበቃን አሳጥረነው ይሆናል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም የሚማሩት የኪንግ የልደት ቀን በዓል ሆኖ በሚከበርበት አገር ነው። ወደ ኩሬው ዳር የሄደ ሰው ዛሬ በድንጋዩ ጎን የሚያየው ከላይ እስከ ታች የተጋደሙ ጭረቶችን ብቻ ነው። ቀራፂው ጥንቱን ጭረቶቹን የሠራቸው ድንጋዩ ከተራራው መካከል ሲወጣ የተፋቀ እንደ ሆነ ለማሳየት ነበረ፤ ፊደላቱን ባጠፋ ጊዜ እነዚያኑ ጭረቶች አጠለቃቸውና ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲሁ የነበረ ይመስላል። ያልተነገረው ሰው አንድ ነገር እንደ ጐደለ አያውቅም። ልጅ ግን ጣቱን ወደዚያ ባዶ ጎን ቀስሮ፥ በዚያኛው ጎን ጽሕፈት አለ፥ በዚህኛው ስለ ምን የለም ብሎ አባቱን የጠየቀ እንደ ሆነ፥ አባት በቂ ጊዜ ይዞ ይቀመጥ፤ ታሪኩ ከአቤንኤዘር ስብከት ተነሥቶ እስከ ዘብዴዎስ ልጆች የሚደርስ ነውና።